ከጨው ዕቃው በላይ

ነሐሴ ሲገባ፣ ጦሳ ጉም ሲለብስ፣
ቆርቆሯችን ደግሞ ይጀምራል ማፍሰስ።
ማልቀስ አልለውም፤ ለቅሶ ሌላ ነገር፣
ምስማሩ ዝጎ ነው፣ ይኸው ነው ቁም ነገር።

በፍልሰታ መግቢያ ማታ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ
ከጸሎት ቦታችን ወረደች፣ በሥዕሏ አናት ላይ፣ በምሥራቁ በኩል ገብታ።
አራጋው ዘሎ ተነሣ፤ የጠረጴዛ ጨርቄን ገፎ
መስተዋቱን ጠረገ። «እመቤቴ ቤት ልትለቅ ነው» አለ፤
እሷ ልጇን አቅፋ፣ እሱ እሷን አቅፎ።

ከስፌት መኪናዬ በላይ ሰቀልናት።
ስድሳ ሱሪ አለብኝ፣ ስድሳ ሸሚዝ፣ ለመስከረም የሚደርስ፤
ትምህርት ቤቱ አይጠብቅም፣ ሱቁም ክር አያበድርም ያለፈው ሳይመለስ።
ፔዳሉን እየረገጥኩ፣ ክሩን በጥርሴ ይዤ፣
«ይቺ ሴት ለልጇ ስትሰፋ መርፌ ወግቷት ይሆን?» ብዬ
ብቻዬን እስቃለሁ፣ መብራት እስኪጠፋ ፈዝዤ።

እዚያም አፈሰሰ በሦስተኛው ቀን።
ከልጆቹ አልጋ ራስጌ ሄደች፤ ውሃው አባረራት ሌሊቱን።
ሳፋ፣ ድስት፣ ጆግ፣ የቀለም ቆርቆሮ
ወለሉ ላይ ተደርድሮ፣
ጠብ... ጠብ ጠብ... ጠብ።
ማኅደር ትቆጥራለች፣ ይትባረክ ይዘላል፤
«ድስቱ ቄሱ ነው፣ ጆጉ ዲያቆኑ» ይላል፤
ሳፋው እስኪቀበል ጠብቆ
«አሜን» ይላል ስቆ።
ልቆጣ ነበር። ግን እውነቱን ነው፤ ድስቱ ድምፁ ወፍራም ነው።

በመጨረሻ ወጥ ቤት ገባች፤ ከጨው ዕቃው በላይ፣
ጥላሸት ከበላው ግድግዳ ላይ፣
ከሽንኩርት ቅርጫቱ ጎን።
አራጋው ከኮምቦልቻ፣ ከዱቄት ፋብሪካው መጣ፣ ሀረጎን በጉም ወጥቶ፣
ቅንድቡ እንደ ሽማግሌ ነጥቶ።
አየና፣ «ይሄ እኮ ምዕራብ ነው!
በየት አገር ነው ሰው
ወደ ምዕራብ ዞሮ የሚጸልየው?»
ማኅደር ካልሲዋን ወደ ላይ እየሳበች፣
«እኛ ወደሷ እናያለን፤ እሷ ወደ ምሥራቅ ታያለች» አለች።
ዝም አለ።
ጫማውን አወለቀ።

ሻማ ለኮስን። አባታችን ሆይን አብረን ጀመርን።
ይትባረክ እንጀራው ጋ ሲደርስ፣ ጮክ ብሎ፣
«ዳቦም» አለ፣ የራሱን ቀጥሎ።
ቀኑን ሙሉ ከዱቄት ጋር የቆመውን ሰው
ሣቅ ትከሻውን ናጠው፤
ከቅንድቡ የረገፈው
በሻማው ብርሃን ሲወርድ አየሁት።
ከጸሎት ይቆጠር አይቆጠር እንጃ፤ እኔ አሜን ያልኩት
እዚያ ላይ ነው።

ስንት ዓመት ተሳልኩ፤ ግሸንን በእግሬ ልወጣ፣
እንዲያ ደክሞኝ፣ እንዲያ ተጠምቼ፣ እምነት በላቤ እንዲመጣ።
ተራራው አለ፤ መቼም አይሄድም።
እሄድ ይሆናል። ስእለቴን አልካድኩም።
ግን ዘንድሮ እግሬ ፔዳል ላይ ነው፣ ብሩም ለደብተር፤
የመጣችው እሷ ናት፣ ከክፍል ክፍል ስትሰደድ፣ እኔን ፍለጋ ስትዞር።

ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ይማም መሐመድ መሰላል ተሸክሞ መጣ፤
ሬንጅ በጣሳ ይዞ፣ ሳንለምነው ጣራው ላይ ወጣ።
«ባለፈው የኔን የደፈነው ማን ሆነና?» አለ ከላይ።
ጦይባ ንፍሮ ላከች፤ ልጇ ቆማ በራችን ላይ፣
«የጾም ነው፤ ድስቱም አዲስ ነው ብላለች እማዬ» አለችን።

አሁን አያፈስም። አራጋው መዶሻ ይዞ
«ወደ ቦታዋ እንመልሳት» ሲል
ልጆቹ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።
«እዚያ ይበርዳታል።»
የምሥራቁን ምስማር ኮቱ ወረሰው።

እኔም ለጨው እጄን ስዘረጋ ቀና እላለሁ፤
ሳያት መጨመሬ ይጠፋኛል፣ አንዳንዴ ሁለቴ እጨምራለሁ።
ወጡ ጨው ሲበዛው
ሦስቱም እርስ በርስ ይተያያሉ፣
ውሃ ይጠጣሉ፤
ማንም አይቆጣም።